ሁለተኛው ዲግሪና የደባርቅ የበቅሎ ተራ

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ስለምንማረው ትምህርት በዚህ ጉባኤ እንድንናገር ስለ ጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የንግድ ሥራ አስተዳደርንና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን አጣምረን ለሁለተኛ ዲግሪ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ደባርቅ ተወልዶ ያደገ አለ፤ የዳባት ልጅ አለ፤ ከሩቅ አገር መጥቶ የስሜንን ብርድ የለመደም አለ። የምንናገረው ስለ ትምህርታችን ክብር ለመመስከር አይደለም። አንድ ጥያቄ ተጠይቀን መልስ አጥተናልና ጥያቄውን ለእናንተ ለማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዕረፍት ደባርቅ በነበርንበት ጊዜ ጎብኚን ወደ ተራራው ከሚያደርሱት ባለ በቅሎዎች አንዱ ከሆኑ ሽማግሌ ጋር ሻይ ቤት ውስጥ ተገናኘን። “ልጆቼ፣ ለመሆኑ የምትማሩት ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁን። ከእኛ አንዱ እንደ መጽሐፉ አድርጎ “ድርጅት መረጃውን አሰባስቦ ትክክለኛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ዘዴ ነው፣ አባባ” አላቸው። ሽማግሌውም ጥቂት አሰብ አድርገው “እንግዲያስ ደግ ነው። የእኔ በቅሎ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ ማለት ነዋ!” አሉ።

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተራ የሚመዘግበው ሰው ለቅሶ ሄዶ ሳለ ደብተሩን ሌላ ሰው እንደ ያዘው፣ ከስማቸው አጠገብ ምልክት ተደርጎ እንደ ተገኘና “በቅሎዎ ወጥታለች” እንደ ተባሉ፣ በቅሎዋ ግን ከቤት እንዳልወጣች አጫወቱን። “ሰውየው በድሎኛል አልልም፤ ደብተሩ ግን ዋሸብኝ” አሉ። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም።

አንድ ተራ መሳት ምን ያህል ጉዳት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ብቻ በአንድ ማኅበር 300 በቅሎ አለ እንበል። በወር 60 ጉዞ ቢኖርና እያንዳንዱ ጉዞ 2 በቅሎ ቢወስድ በወር የሚወጡት 120 ናቸው። እንግዲህ አንድ በቅሎ ተራዋ የሚደርሳት በሁለት ወር ተኩል አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። በደብተር ላይ በስሕተት የተደረገች አንዲት ምልክት የሁለት ወር ተኩል ተስፋ ታጠፋለች። ጎብኚ የሚበዛው ክረምቱ አልፎ አገሩ በሚደርቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት የተሳተች ተራ ባዶ ወራት ተጨምረውባት ዓመቱን ልታስጨርስ ትችላለች። ቁጥሩ የእኛ ግምት ነው፤ ስሌቱ ግን የሽማግሌውን ቍጭት በሚገባ ያስረዳል።

አሁን ወደ ትምህርታችን እንመለስ። የንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው በ1908 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የንግድ ትምህርት ቤት ጋር ነው። በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን በ1978 እ.ኤ.አ. ከፈተ። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ትምህርት የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ቤት በዩኔስኮና በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተቋቋመ። ዛሬ ጎንደርን ጨምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ ደባርቅም ራሷ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። አባቶቻችን ባሕር ተሻግረው ይፈልጉት የነበረው ትምህርት ዛሬ ከሊማሊሞ አፋፍ አጠገብ ደርሷል። የቀረው ጥያቄ አፋፉ ላይ ላለው ሰው ደረሰ ወይ የሚለው ነው።

የምንማራቸው ሁለት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው አንድ ታላቅ ደንብ አላቸው። የሂሳብ አያያዝን ዘዴ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ አሳትሞ ያስፋፋው ሉካ ፓቺዮሊ የተባለው መነኩሴ ነው። ደንቡም እያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጻፍ፣ አንድ ጊዜ ከወጣበት አንድ ጊዜ ከገባበት፣ የሚል ነው። በሌላው በኩል ኤድጋር ኮድ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. መረጃ በሠንጠረዥ ተደራጅቶ እንዴት እንደሚያያዝ አሳየ። ከዚህ ትምህርት የወጣው ደንብ አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው። ሁለቱ ደንቦች ሲያዩዋቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ዓላማቸው ግን አንድ ነው። ሂሳብ ያዡ ሁለት ጊዜ የሚጽፈው አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። የመረጃ ባለሙያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፈው አንዱ ከሌላው እንዳይቃረን ነው። ሁለቱም የሚሹት ደብተር እንዳይዋሽ ነው።

እንግዲህ ይህን ዕውቀት ወደ ሽማግሌው ደብተር ስናመጣው ምን እናገኛለን? አንደኛ፣ የባለ በቅሎዎቹ ስም ለብቻው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ለብቻው ይጻፍ፤ ቀኑ፣ የመንገድ መሪው ስም፣ የጎብኚው ቁጥር አብሮ ይግባ። ሦስተኛ፣ የትኛው በቅሎ በየትኛው ጉዞ ወጣች የሚለው ሁለቱን ያገናኝ። እንዲህ ከሆነ “ወጥታለች” የሚል ምልክት ያለ ጉዞ ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር የሚለውን መመለስ አለበት። ጎብኚው የፓርኩን መግቢያ የሚከፍለው ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ ያንን መዝገብ ከተራው መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ይኸውም የፓቺዮሊ ደንብ በበቅሎ ጫማ መሆኑ ነው።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ድረስ ስለ ኮምፒዩተር አንድ ቃል አልተናገርንም። ይህ ሁሉ በመስመር ወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። እኛ ግን መጀመሪያ ወደ አእምሯችን የመጣው ማሽን መግዛት ነበር። ማሽን ቢገዛ ማን ያስነሣዋል? መብራት ሲጠፋስ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። እኛ የኢንተርኔት ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት ስንማር ከረምን። በዚያ ጊዜ መዝገቡን በሩቅ አገር ማሽን ላይ ያኖረ ማኅበር ቢኖር ኖሮ ተራውን ማን ይነግረው ነበር? ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሆን ሥርዓት መረብ ሲኖር የሚፈጥን፣ መረብ ሲጠፋ ግን የማይሞት መሆን አለበት። ይህን ከውጭ መጽሐፍ አላገኘነውም፤ ኑሮ አስተማረን።

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲወረድ መንገድ ላይ ያለችው ዳባት ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና የሕዝብን እንቅስቃሴ የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተወለደውን፣ የሞተውንና አገር የለቀቀውን ይጽፋሉ። ከዚህ የምንማረው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት ሲሰበሰብ መሆኑን ነው። በሁለት ሳምንት መጠይቅ በትነን በሦስተኛው ሳምንት “ጥናቱ እንዳረጋገጠው” ብለን ለምንጽፍ ለእኛ ይህ ተግሣጽ ነው። ያ ወረዳ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ደርሶበት በጭና ሰላማዊ ሰዎች ያለቁበት ነው። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ሰው የሚጻፍ መዝገብ ተራ ወረቀት አይደለም፤ ማን እንደ ነበረ ለኋላ ሰው የሚመሰክር ነው።

ጓደኞቻችን፤ አሁን ደግሞ ራሳችንን እንውቀስ። ይህን ትምህርት የጀመርነው ሁላችንም ለወገን ስንል ነው ብንል ሐሰት ይሆናል። የደመወዝ ጭማሪ የፈለገ አለ፤ ሥራ አጥቶ ጊዜውን ለማሳለፍ የገባ አለ፤ ከመምህርነት ወደ ባንክ ለመሻገር የሚያስብ አለ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰው እንጀራውን ይፈልጋል። ነውሩ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርእስ ስንመርጥ የሚቀለውን ብቻ ማየታችን ነው። ወዳጅ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠይቅ ማስሞላት ይቀላል። አልፎ ተርፎም ጽሑፉን ለሌላ ሰው በገንዘብ የሚያስጽፍ መኖሩን እናውቃለን፤ ማወቃችንንም እናፍርበታለን። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ በጥሩ ልባስ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነም የተጻፈለት ሰው አያነበውም።

በአገራችን ግን የሚጠና ነገር ጠፍቶ አይደለም። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በተራራው ዙሪያ የሚኖረው ሰው ከጎብኚው ገንዘብ ምን ያህል ደረሰው? በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በደባርቅ ቅዳሜ ገበያ ለነጭ ሽንኩርት ሻጯ እናት ምን ለወጠላት? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ የሰሊጥና የቡና ዋጋ ሻጩም ገዢውም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ወጣ። ለወገራ ገብስ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢኖር ገበሬው መንገድ ላይ ለሚጠብቀው ደላላ በርካሽ ይሸጥ ነበርን? እነዚህ የማስተርስ ጥያቄዎች አይደሉምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሲቃወሙን “ከፍተኛ ትምህርት ለዓለም ሁሉ የሚሆን ዕውቀት የሚፈለግበት እንጂ የበቅሎ ተራ የሚቆጠርበት አይደለም” ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሁሉ ነገር ወዲያው ጥቅም ይስጥ ካልን የነገውን ዕውቀት እንገድላለን። ነገር ግን ፓቺዮሊ የጻፈው የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ዘዴ ነው። ከአንድ ከተማ ገበያ ተነሥቶ ለዓለም ሁሉ ሆነ። የደባርቅ ገበያ ከቬኒስ ገበያ የሚያንሰው በጥያቄ ሳይሆን በጠያቂ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥተው ያገለግሉ ነበር። ያ ሥርዓት በ1966 ዓ.ም. ከመጣው አብዮት ጋር ቀርቷል፤ በግዴታ ይመለስ አንልም። ይሁን እንጂ ለማኅበሩና ለመምህራኖቻችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ አራት ገጽ ያህል የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው፤ ተማሪውም ጥናቱን ባደረገበት ቦታ ሄዶ ለሰዎቹ ያንብበው። ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሰምተው “ይህ ትክክል አይደለም” ቢሉ ከማንኛውም ፈታኝ የበለጠ ፈታኝ ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከአዲ አርቃይና ከጃናሞራ የሚመጡ ጥያቄዎች የሚጻፉበት መዝገብ ይክፈት። ርእስ ያጣ ተማሪ ከዚያ ይምረጥ።

ሦስተኛ፣ ለማንኛውም ማኅበር የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚነድፍ ተማሪ፣ ከመንደፉ በፊት አንድ ወር ደብተር ከሚይዘው ሰው አጠገብ ይቀመጥ። መምህራኖቻችንም ይህን ወር በነጥብ ይቍጠሩልን፤ ነጥብ የሌለው ነገር በተማሪ ዘንድ እንደሚረሳ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለሽማግሌው መልስ ሳንሰጥ ተለያየን። ልንነሣ ስንል “ስትመረቁ ኑ፤ እስከዚያ ተራዬን እጠብቃለሁ” አሉን። ከመካከላችን ሁለቱ በዚህ ዓመት ደብተር ያዡ ፈቅዶላቸው አጠገቡ ሊቀመጡ ተስማምተዋል። በቅሎዋ መቼ እንደምትወጣ መናገር እንችል እንደ ሆነ ገና አላወቅንም። ሳንችል ብንመረቅ ግን በቆባችን ሥር የምንደብቀው ዕዳ እንዳለብን ይታወቅልን።