መድኃኒቱ ሲመጣ የሚያደፍጥ ሕዋስ

ከልደታ ኮንዶሚኒየም የደወሉልን አባት ሲኤምኤል ለተባለው የደም ካንሰር ኢማቲኒብ ይወስዳሉ። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ደምዎ ተስተካክሏል ተባልኩ። ታዲያ ክኒኑን እስከ መቼ ነው የምውጠው?»

እስቲ ወደ ሕዋሱ እንግባ። በዚህ በሽታ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይፈጠራል፤ እሱም ሕዋሱን ያለ ፋታ «ተባዛ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ የፈቀደችው ኢማቲኒብ ይህን ፕሮቲን አፍኖ ይይዛል። ብዙዎች ዛሬ ከበሽታው ጋር ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት በእሱ ነው።

ሕዋሱ ግን በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ ለማምለጥ ካልሲየምን ይጠቀማል። ካልሲየም ሲባል ወተትና አጥንት ትዝ ይለናል፤ በሕዋስ ውስጥ ግን መልእክተኛ ነው። (የምትጠጡት ወተት ይህን መልእክት አይለውጠውም፤ አትስጉ።) ሕዋሱ ካልሲየሙን ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለ ክፍል ያጠራቅማል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሮቶ እንደሚሞላው ማለት ነው። ኢማቲኒብ ሲያስጨንቀው ክምችቱ ይለቀቅና ኦቶፋጂን ይቀሰቅሳል፤ ሕዋሱ ያረጁ የገዛ ክፍሎቹን በከረጢት ጠቅልሎ እየፈጨ፣ ባገኘው ጉልበት ክፉውን ቀን ያልፋል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን አሠራር በእርሾ ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመዋል። የሚገርመው፣ ያው ካልሲየም ከልክ አልፎ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ ማይቶኮንድሪያን ሲያጥለቀልቅ ሕዋሱን ይገድለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኦቶፋጂ ሲታገድ ኢማቲኒብ የካንሰሩ ምንጭ የሆኑትን ግንድ ሕዋሳት ጭምር አጥብቆ እንደሚገድል በላቦራቶሪ አሳየ። ካገዱት መድኃኒቶች አንዱ ማን ይመስላችኋል? ለወባ የምናውቀው ክሎሮኪን! ያጓጓል። ሆኖም የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በታማሚዎች ላይ ሲሞከር ለውጡ ትንሽ ሆነ፤ ሰው በሚችለው መጠን ኦቶፋጂን በደንብ ማፈን አልተቻለም። ስለዚህ ከፋርማሲ ክሎሮኪን ገዝቶ መደረብ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

አባታችን፣ የተስተካከለው የደም ቆጠራዎ ነው። መቅኒ ውስጥ ያደፈጡት የካንሰር ሕዋሳት በቆጠራ አይታዩም፤ ቢሲአር-ኤቢኤልን የሚለካ የፒሲአር ምርመራ ያስፈልጋል። ውጤታቸው ለዓመታት እጅግ ዝቅ ብሎ የቆየላቸው አንዳንዶች በሐኪም ክትትል ያቆማሉ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ በሽታው ይመለስባቸዋል። እርስዎ ግን በራስዎ ሳያቆሙ ክኒኑን ከምግብ ጋር፣ በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይውሰዱ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከልደታ ቅርብ ነው፤ የፒሲአሩን ነገር በቀጠሮዎ ቀን ሐኪምዎን ይጠይቋቸው።