ኮከር ስፓኒየል በልደታ፦ የአደን ውሻ በጋራ ሕንፃ ውስጥ




እንደሚታወቀው አንድ መሐንዲስ የመሠረት ንድፍ ከማውጣቱ በፊት አፈሩን ያስመረምራል። ሕንፃው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አፈሩም ምን ያህል እንደሚሸከም ሳይታወቅ ሥራ አይጀመርም። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ባለሙያ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከ12 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችልን ሕያው ፍጡር በግማሽ ሰዓት ውሳኔ ወደ ቤቱ ሲያስገባ ይታያል። የዚህ ንግግር ዓላማ ኮከር ስፓኒየል የተባለው የውሻ ዘር ምን ዓይነት እንደሆነና በልደታ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ምን እንደሚያመጣለት፣ ምንስ እንደሚጠይቀው ማስረዳት ነው።

ውሻ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የሚታየው ደጃፉን አልፎ ምንጣፍ ላይ መተኛቱ ነው። ከጥንት ጀምሮ የውሻ ቦታ በር ላይ፣ ሥራውም ሌባንና ጅብን ማባረር ሆኖ ቆይቷል። ስፓኒየልን የመሰለው ጸጉራም ውሻ በሕዝቡ ዘንድ «የፈረንጅ ውሻ» መባሉ ራሱ፣ ባለጠጋ ወይም የውጭ አገር ሰው የሚይዘው ነገር ተደርጎ መቆጠሩን ያሳያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥቱ እልፍኝ ይመላለስ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል፤ በተራው ሰው ቤት ግን እንዲህ ያለው ልማድ አልነበረም። ዛሬ ግን ግቢ የሌለው ነዋሪ እየበዛ ሲሄድ፣ ውሻ የሚፈልግ ቤተሰብ ሊያኖረው የሚችለው ከራሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻ ሆኗል።

ስፓኒየል የሚለው ስም ከስፔን አገር ስም ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይነገራል። ዘሩ ግን በአሁኑ መልኩ የተቀረጸው በእንግሊዝ አገር ነው። ኮከር የሚለው ቅጽል የተገኘው በእንግሊዝኛ ውድኮክ ከሚባለው የዱር ወፍ ሲሆን፣ የውሻውም ሥራ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፉን ማስነሣትና የተመታውን አንሥቶ ለጌታው ማምጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ ኮከርን ከሌሎች ስፓኒየሎች ለይቶ የመዘገበው በ1893 ነው። በአሜሪካ አነስ ብሎና ጸጉሩ በዝቶ የተራባው ዓይነትና የእንግሊዙ ኮከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ እንደ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተለይተው ታወቁ።

የእንግሊዙ ኮከር ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ38 እስከ 41 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ13 እስከ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ጆሮዎቹ ረጃጅምና ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ ጸጉሩ ሐር የመሰለ፣ ጅራቱም ዕረፍት የማያውቅ ነው። ከጠባዩ ዋነኛው ከሰው ጋር መሆንን መውደዱ ነው። ልጅን ይታገሣል፣ ትእዛዝን ቶሎ ይማራል፣ በቁጣ ሲያዝ ግን ይሸማቀቃል፤ አንዳንዱም መፍራቱን በመንከስ ይገልጻል። ስለዚህ ዱላ ለዚህ ዘር ማስተማሪያ አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ውሻ በልደታ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናስበው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ የጋራ ሕንፃዎች በቆሙበት፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሚያልፍበት አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ነው እንበል። አባትና እናት ማለዳ ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ አያትም አብረው ይኖራሉ። ታናሺቱ ልጅ «እማዬ፣ ውሻ ግዙልኝ» እያለች ዓመቱን ሙሉ ለምናለች። አያት ደግሞ፣ «ውሻ በሚመላለስበት ቤት እንዴት ተደርጎ ይጸለያል?» ይላሉ። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጊዜ ነው። ኮከር ቀኑን ሙሉ በቁጥቋጦ ውስጥ እንዲሮጥ ታስቦ የተራባ በመሆኑ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ዐሥር ሰዓት ብቻውን የተዘጋበት እንደሆነ ይጮኻል፣ በር ይቧጭራል፣ ጫማ ይበላል። ይህን ጥፋት ብለው የሚቀጡት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለሥራ የተፈጠረ ጉልበት ሥራ ሲያጣ የሚሆነው ይኸው ነው። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት አያት ብቻ ከሆኑ፣ ውሻው በተግባር የልጅቱ ሳይሆን የአያት ይሆናል ማለት ነው። እንግዲያው የእርሳቸው ፈቃድ ሳይገኝ ውሻ ማስገባት፣ ሸክሙን ባልተማከረ ምሰሶ ላይ እንደ መጫን ይቆጠራል። የጸሎቱን ነገር በሚመለከት ግን መላ አይታጣም፤ የአያት መኝታ ክፍልና የሥዕሉ ቦታ ውሻው ከቶ የማይገባበት ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ሊለመድ ይችላል። ኮከር ወሰኑን ቶሎ የሚማር ውሻ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ የምግብ ነው። በአብዛኛው ቤት ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው። ወጥ ግን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀትን ሊበሳ ስለሚችል፣ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ፍርፋሪ ለውሻው ስጦታ ሳይሆን አደጋ ነው። በሌላም በኩል በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከቤቱ ሥጋና ወተት ሲጠፋ፣ ውሻው አብሮ ሊጾም አይገባውም። ስለሆነም ሩዝና ያልተቀመመ ቅቅል ሥጋ ወይም የተዘጋጀ የውሻ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ለብቻው መመደብ ይኖርበታል፤ ይህም ወጪ በቤተሰቡ የወር በጀት ውስጥ አስቀድሞ ሊገባ የሚገባው ነው።

ሦስተኛው የጤና ነገር ነው። የተንጠለጠለው ጆሮ አየር ስለማያስገባ ውስጡ ይረጥባል፣ ያመረቅዛልም። በተለይ በአዲስ አበባ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከዝናብ በተመለሰ ቁጥር ጆሮውንና የእግሩን ጸጉር ማድረቅ ግድ ነው። ጸጉሩ በሳምንት ብዙ ጊዜ ካልተበጠረ ይቋጠራል። ዘሩ በውርስ ለሚመጡ የዐይን ሕመሞች የተጋለጠ በመሆኑም ቡችላ ሲመረጥ እናቱን ማየት፣ ከ8 ሳምንት በፊትም ከእናቱ አለመለየት ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ይህ በሽታ በአዲስ አበባ አዲስ አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በከተማይቱ ውሾች መካከል መዛመቱ ተመዝግቧል። ፓስተር የመጀመሪያውን ሕፃን በክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ ስሙ እስከ ዛሬ በጉለሌ «ፓስተር» ተብሎ ይጠራል፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የሚገኘው እዚያው ነው። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እጅግ የሚበዛው በውሻ ንክሻ የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ክትባቱም በሐኪሙ ትእዛዝ መታደስ አለበት። ሰው የተነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ስለዚህ የአንድ ቤት ክትባት የጎረቤትንም ልጅ ይጠብቃል።

አራተኛው የጎረቤት ጉዳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩ ደንግጓል። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁሉም ነው። ከውሻው በፊት ደንቡን ማንበብ፣ ከላይና ከታች ያሉትንም ጎረቤቶች ማነጋገር ተገቢ ነው። በደረጃው ላይ ውሻ የሚፈሩ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ውሻው ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ ሊያዝ፣ ኩሱም በከረጢት ሊነሣ ይገባል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ አንድ ቸልተኛ ባለ ውሻ የከፈተው ቀዳዳ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ክልከላ ይዞ ይመጣል።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ሁሉ የተነገረው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በሚገባ የተያዘ ኮከር ለቤተሰብ የሚሰጠው ብዙ ነው። ልጅ በሰዓቱ ማብላትን፣ የሌላውን ፍጡር ሕመም መረዳትን ይማርበታል። ቀኑን በዝምታ የሚገፉ አያት የሚከተላቸውና ድምፃቸውን የሚጠብቅ ጓደኛ ያገኛሉ። ነገር ግን ቡችላነቱ ሲያልፍ «አስቸገረን» ተብሎ ወደ መንገድ የሚወጣ ኮከር ዕጣው የከፋ ነው። የሰፈር ውሻ መንገዱን፣ ጅቡንና መኪናውን ያውቃል፤ ኮከር የሚያውቀው የሰውን እጅ ብቻ ነው። ጸጉሩ በጭቃ ተቋጥሮ፣ ጆሮው አመርቅዞ፣ በሩ እንደገና ይከፈትልኝ ይሆን እያለ ይጠብቃል።

ስለዚህ የልደታው ቤተሰብ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ አራቱን ጥያቄዎች አያት ባሉበት ይመልስ። ቀን ማን ከውሻው ጋር ይውላል? ምን ይበላል? ማን ያሳክመዋል? ጎረቤት ምን ይላል? አራቱም መልስ ካገኙ ቡችላው ይምጣ። አንዱ መልስ ካጣ ግን ለልጅቱ «አሁን አይሆንም» ብሎ ምክንያቱን በትዕግሥት ማስረዳት ይሻላል። እስከዚያውም ከግቢው ዘበኛ ጋር በር ላይ የሚያድረውን ውሻ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ቢያስከትቡት፣ ልጅቱም ከዘበኛው ጋር ሆና ውኃ ብታቀርብለት፣ የራሷን ውሻ ለመያዝ መማር ጀምራለች ማለት ነው።