ሰነዱ የማን ነው? ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች በመሐንዲሱ የዕለት ተዕለት ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ ድልድይ ሲሠራ ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንዲያገለግል ታስቦ ነው። የግድቡም፣ የውሃ መስመሩም፣ የሕንጻውም ዕድሜ በዚሁ መጠን ይገመታል። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ መዋቅሩ ሲጠገን፣ ሲስፋፋ ወይም ጉዳት ደርሶበት ሲመረመር በመጀመሪያ የሚፈለገው የዲዛይኑ ሰነድ ነው። ቀድሞ ሰነዱ በወረቀት ላይ የሰፈረ ንድፍ ስለነበረ፣ መዝገብ ቤቱን ከእሳት፣ ከውሃና ከምስጥ መጠበቅ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ሰነዱ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል ሆኗል፤ ፋይልን ደግሞ ያለ ፕሮግራም ማንበብ አይቻልም። ፕሮግራሙ ከገበያ ከወጣ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ ካበቃ ወይም አዲሱ እትም አሮጌውን ፋይል አላውቅም ካለ፣ ሰነዱ በእጅ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «የትኛው ፕሮግራም ይረክሳል?» የሚለው ሳይሆን «ሰነዱ የማን ነው?» የሚለው ነው። ክፍት ምንጭ የሚባሉት ፕሮግራሞች ለመሐንዲሱ የዕለት ሥራ የሚሰጡት ጥቅም ሊመዘን የሚገባውም በዚሁ ጥያቄ ነው። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክፍት ምንጭ ትርጉም

ማንኛውም ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ይህም ጽሑፍ የምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙ የንግድ ድርጅቶች ለገዢው የሚያስረክቡት ኮምፒዩተሩ ብቻ የሚረዳውን መልክ ሲሆን፣ ምንጩን በምስጢር ይይዙታል። በክፍት ምንጭ አሠራር ግን ምንጩ ለሁሉም ይቀርባል፤ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙን ለማንኛውም ሥራ የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመር፣ የማሻሻልና ለሌላው የማካፈል መብት በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠዋል።

የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በ1983 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ይፋ አደረገ። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜም በ1998 ተፈጠረ።

በአማርኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ያለ ክፍያ የተገኘ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሌላ ያልተገዛ ማለት ነው። ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ የሚበልጠው ጥቅማቸው ግን በሁለተኛው ትርጉም ነፃ መሆናቸው ነው።

የግዕዝ ፊደል ያስተማረው ትምህርት

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረባቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያስቀምጡበት የጋራ ሥርዓት አልነበራቸውም። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ድልድል ያወጣ ስለነበር፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሰንሰለት ሆኖ ይታይ ነበር። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው መፍቻው ነበር።

ችግሩ መፍትሔ ያገኘው አንዱ ፕሮግራም ሌሎቹን በማሸነፉ አልነበረም። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል በማካተቱና ለእያንዳንዱ ሆሄ የታወቀ ቁጥር በመስጠቱ ነበር፤ ለምሳሌ «ሀ» በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ቁጥር ተሰጥቶታል። ድልድሉ ለሁሉም የታተመ ደንብ ስለሆነ፣ ዛሬ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ያለ ችግር ይነበባል። ፊደሉ በዚህ መንገድ ከአዘጋጆቹ ምስጢር ከተላቀቀ፣ የሪፖርቱ፣ የሠንጠረዡና የንድፉ ፋይል ለምን በምስጢር ታስሮ ይቀራል?

ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ሠንጠረዥ

ለጽሕፈት፣ ለሠንጠረዥና ለገለጻ ሥራ ዛሬ ከክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ቀዳሚው ሊብረኦፊስ ነው። የዚህ ፕሮግራም ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። መነሻው ስታር ዲቪዥን የተባለ የጀርመን ድርጅት ያዘጋጀው የንግድ ፕሮግራም ነበር። ድርጅቱን በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው፤ በ2000 ምንጩ ተከፍቶ ኦፕንኦፊስ ተባለ። በ2010 ሰን ራሱ በኦራክል ሲገዛ፣ ስለ ፕሮግራሙ ዕጣ የሠጉ አዘጋጆች በዚያው ዓመት ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለውን ተቋም መሥርተው ሥራውን ሊብረኦፊስ በሚል ስም ቀጠሉ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ የተጠቃሚው ሰነድ ግን አልተጣለም፤ ምክንያቱም ምንጩም የፋይሉ ቅርጸትም በሕዝብ እጅ ነበሩ።

የፋይሉ ቅርጸት ኦፕን ዶክዩመንት ይባላል። በ2005 ኦኤሲስ በተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት፣ በ2006 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ26300 ቁጥር ጸድቋል። ፋይሉ በውስጡ በዚፕ የታመቀ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ሲፈታ ጽሑፉ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ሊብረኦፊስ አንድ ቀን ከዓለም ቢጠፋ እንኳ፣ የታተመውን ደንብ የያዘ ባለሙያ ሰነዱን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም መሥራት ይችላል።

ሥራው ተጠናቆ ወደ መዝገብ ቤት ለሚገባ ሰነድ ደግሞ ፒ.ዲ.ኤፍ.-ኤ የተባለው ቅርጸት ይመረጣል። ይህም በ2005 ለረጅም ጊዜ ጥበቃ ታስቦ የወጣ ደረጃ ሲሆን፣ የፊደሉን ቅርጽ ሳይቀር በፋይሉ ውስጥ እንዲያካትት ያስገድዳል። ሊብረኦፊስ በዚህ ቅርጸት ማስቀመጥ ይችላል።

ካርታ፣ ንድፍና ሌሎች ሥራዎች

ለካርታ ሥራ ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም በ2002 ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የመንገድ መሐንዲሱ የመስመር አማራጮችን በካርታ ላይ ለማነጻጸር፣ የውሃ መሐንዲሱም ከከፍታ መረጃ የተፋሰስን ወሰን ለማውጣት ይጠቀምበታል።

ለጠፍጣፋ ንድፍ ሊብረካድ፣ ለሦስት ገጽታ ንድፍ ደግሞ በኅዳር ወር 2024 የመጀመሪያውን ሙሉ እትም ያወጣው ፍሪካድ አለ። ለሥዕላዊ መግለጫ ኢንክስኬፕ፣ ለፎቶግራፍ ማስተካከያ ጊምፕ፣ ፋይል ለማመቅ ሰቨን-ዚፕ፣ የሥልጠና ፊልም ለማየት ቪ.ኤል.ሲ.፣ የይለፍ ቃላትን በምስጢር ለማስቀመጥ ኪፓስ ያገለግላሉ። አማርኛ ለመጻፍም ኪይማን የተባለው የፊደል ገበታ ፕሮግራምና አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ በክፍት ፈቃድ ይገኛሉ።

ጉድለታቸው

ይህ ሁሉ ሲባል ክፍት ምንጭ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በንድፍ ሥራ በሰፊው የተለመደው ዲ.ደብልዩ.ጂ. የተባለው ቅርጸት ዝርዝሩ በባለቤቱ ድርጅት ያልታተመ በመሆኑ፣ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ሁልጊዜ በትክክል አያነቡትም። ዝርዝሩ የታተመው ዲ.ኤክስ.ኤፍ. የተሻለ መለዋወጫ ቢሆንም፣ የተለወጠው ንድፍ ከዋናው ጋር መመሳከር አለበት። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለአንድ ፕሮግራም ተብለው የተጻፉ የሠንጠረዥ ትእዛዞች በሌላው ላይ ሳይሠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር ወደ አዲሱ ፕሮግራም ሲዛወር ድምሩ እንደገና ሳይመረመር ለጨረታ ሊቀርብ አይገባም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ምንጩ ክፍት ሆነ ማለት ሰው መረመረው ማለት አይደለም። በመጋቢት ወር 2024 ኤክስ.ዜድ. በተባለ የማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ በስውር የገባ የሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻ የሆነው ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር መገናኘት ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ፍሮይንድ ጥርጣሬውን ተከትሎ እስከ ምንጩ መድረስ የቻለው ምንጩ ክፍት ስለነበረ ነው፤ ጥርጣሬው ባይኖረው ግን የምንጩ መከፈት ብቻውን ባልጠቀመ ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድም በሁለቱም ወገን ያስተምራል። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊኑክስ የማዛወሩን ሥራ በ2013 ካጠናቀቀ በኋላ፣ በ2017 ወደ ቀድሞው ሥርዓት እንዲመለስ ተወሰነ። የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ግን በ2005 በጽሕፈት ፕሮግራሙ ጀምሮ፣ ቀጥሎ የኢንተርኔት ማሰሻውንና የደብዳቤ ፕሮግራሙን ለውጦ፣ ሠራተኛው ከለመዳቸው በኋላ ነው ከ2008 ጀምሮ ኮምፒዩተሮቹን ወደ ሊኑክስ ያሸጋገረው፤ ሥራውም ጸንቷል። በ2024 ደግሞ የጀርመን ሽሌስቪግ-ሆልስታይን ክፍለ ሀገር 30,000 የሚሆኑ የሥራ ቦታዎችን ወደ ሊብረኦፊስ ለማዛወር መወሰኑን አስታውቋል። የሥራው ቅደም ተከተል ከፕሮግራሙ ምርጫ ያላነሰ ክብደት እንዳለው የዣንዳርመሪው ልምድ ያሳያል።

ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፕሮግራም

«የንግድ ፕሮግራሙ ኮፒ ከጓደኛ በነፃ እየተገኘ ሌላ መልመድ ለምን?» የሚል አስተያየት በየቢሮው ይሰማል። ለዚህ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ለራሱ ንድፍ መብት የሚከራከር መሐንዲስ የሌላውን የአእምሮ ሥራ ያለ ፈቃድ ሊወስድ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የአጠቃቀም ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ምን እንደ ተጨመረበት አይታወቅም። ከቫይረስ ጋር የመጣ ፕሮግራም የዓመታት ሥራ በአንድ ቀን ሊያጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ ከጠፋው ሰነድ ጋር አይመዛዘንም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት አራት ሐሳቦች ለአባላቱና ለመሥሪያ ቤቶቻቸው ይቀርባሉ።

1ኛ/ ሥራው የተጠናቀቀ ማንኛውም ሰነድ፣ በየትኛውም ፕሮግራም ይዘጋጅ፣ አንድ ቅጂው በታተመ ቅርጸት በመዝገብ ቤት እንዲቀመጥ። ይህን ዛሬውኑ ለመጀመር ፕሮግራም መለወጥ እንኳ አያስፈልግም።

2ኛ/ በማማከር ውል ውስጥ የዲዛይን ሰነዱ በየትኛው ቅርጸት እንደሚረከብ በግልጽ እንዲጻፍ።

3ኛ/ ወደ ክፍት ምንጭ የሚደረገው ሽግግር በደብዳቤና በሪፖርት ጀምሮ፣ በሠንጠረዥ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ ወደ ንድፍ እንዲሄድ፤ ለእያንዳንዱም ደረጃ ሥልጠና እንዲሰጥ።

4ኛ/ ተጠቃሚው ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ጉድለትን መዝግቦ ለአዘጋጆቹ ማሳወቅ፣ የአማርኛ ትርጉሙን ማረምና የሙያ ቃላትን ማሟላት ፕሮግራም ጸሐፊ መሆንን የማይጠይቅ አስተዋጽኦ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ለዚህ የበቁት ከብዙ እጅ በተሰበሰበ ጥቂት በጥቂት ሥራ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ዛሬ የሚነደፈውን ድልድይ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚጠግነው መሐንዲስ ምናልባት ገና አልተወለደም። እሱ ሥራውን ሲጀምር የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ ተረስቶ ይሆናል። በምሰሶው ውስጥ ስንት ብረት እንደ ገባና መሠረቱ በምን ያህል ጥልቀት እንዳረፈ ማወቁ ግን ያን ጊዜም ግዴታው ነው። ያንን ቁጥር ሊያነበው በሚችልበት መልክ ማስቀመጥ፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን በትክክል ከማስላት ባላነሰ የዛሬው መሐንዲስ ኃላፊነት ነው።