ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመምና የሠራተኛው መብት



ከጅሊብ አል ሹዩክ፣ ከፈርዋኒያ፣ ከማህቡላና ከሀወሊ በዕረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጉዳያችን ብዙ ወንዶች ደመወዝ ይቆረጥብናል ብለው በመስጋት በዝምታ የሚሸከሙት፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ መንስኤውን የሚለየው ምርመራ ነው። ሕመሙን በትክክል መግለጽና የሚገባችሁን ፈቃድ መጠየቅ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

ከጎንና ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ እየሄደ የሚያስጨንቅ ሕመም የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር ሙቀት ላቡን እያፈሰሰ ውኃ የማይተካ ሰው ሽንቱ ስለሚወፍር ለጠጠር ይጋለጣል። በቀኝ በኩል፣ ቅባት ከተበላ በኋላ የሚነሣ ሕመም ከሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል። ከደረት በታች መሐል ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ጨጓራ ይጠረጠራል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ማዘውተርም ያባብሰዋል። ከሸክም በኋላ መጥቶ በእንቅስቃሴ የሚብስ ከሆነ የጡንቻ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ደረትን ተጭኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም፣ ትኩሳት የተጨመረበት የጎን ሕመም፣ እንዲሁም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም ለነገ አይባልም። ወዲያውኑ ወደ 112 ደውሉ።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የግል ዘርፍ ሠራተኛ ሕግ ቁጥር 6፣ በአንቀጽ 69 በዓመት ውስጥ 15 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 10 ቀናት በሦስት አራተኛ፣ 10 ቀናት በግማሽ፣ 10 ቀናት በሩብ፣ በመጨረሻም 30 ቀናት ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ለዚህም አሠሪው የመደበው ሐኪም ወይም የመንግሥት ጤና ተቋም ሐኪም የሚሰጠው ማስረጃ ያስፈልጋል። «ታምሜ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃምና ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ቅጂውንም በእጃችሁ አኑሩ።

በቤት ውስጥ በሹፌርነት ወይም በጥበቃ የተቀጠራችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሕግ ቁጥር 68 ትዳኛላችሁ፤ በእርሱም የሕክምናችሁ ወጪ የአሠሪው ግዴታ ነው። በተጨማሪም ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በገላጣ ስፍራ ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ያንን ጊዜ በጥላ ሥር ዕረፉበት፤ ውኃም ጠጡበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ፈቃድ የተከለከለ ወይም ደመወዙ ያለአግባብ የተቆረጠበት ማንም ሰው የሐኪሙን ማስረጃና የሥራ ውሉን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣ።