ከወዳደቀ ዕቃ ለልጆቻችን ስለ መሥራት
(ለገበሬ ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)

አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ስለ ገባ ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አልነግራችሁም። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ገንዘብ ሳይወጣባቸው ከወዳደቀ ነገር ለልጆቻችን ስለምንሠራቸው ትንንሽ ዕቃዎች ነው፤ ይኸውም ስለ መጫወቻ፣ ስለ ምንጣፍና ስለ እጅ መታጠቢያ ነው። «የእርሻ ባለሙያን ከልጅ መጫወቻ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምን እንዳገናኘኝ ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በገበሬ ቤት ምንም ነገር በከንቱ እንደማይጣል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተቀደደው ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ የዘይቱ ጀሪካን ውኃ ይቀዳበታል፤ የማዳበሪያው ጆንያ እህልና ከሰል ይጫንበታል፤ እንዲያውም ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን እንጠራዋለን። ልጆቻችንም ይህንኑ ከእኛ ተምረዋል። የማሽላ አገዳ ልጠው በሬና ቀንበር ይሠራሉ፤ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው ላም ከነጥጃዋ ያበጃሉ፤ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ይጠልዛሉ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ልጅ በእጁ እየሠራ ሲጫወት እጁም ልቡም ይሠለጥናል፤ እናቱም ጥቂት ፋታ ታገኛለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች በእግሯ ሥር እየተራወጡ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ ያች ፋታ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ነገር ግን ከተጣለ ዕቃ ሁሉ መጫወቻ አይሠራም። ይህን በኮሌጅ ተምሬው ነበር፤ የገባኝ ግን በገዛ ቤቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር በአባቴ ማሳ ላይ ጤፉን አረም ስለ በዛበት ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት ረጨሁ። ባዶውን የ1 ሊትር ጠርሙስ ከመርጫው ጋር ይዤ ተመለስሁና «ነገ አነሣዋለሁ» ብዬ ከጎተራው ኋላ አስቀመጥሁት። ነገም ሌላ ሥራ መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ 9 ዓመት የሆነው፣ ጠርሙሱን አገኘና መኪና ሠራበት። ጎኑን በቢላ ከፈተው፤ አራት ቆርኪ በሽቦ ሰክቶ ጎማ አደረገለት፤ በሲባጎም እንዲጎተት አደረገው። እውነቱን ለመናገር መኪናው እጅግ ያምር ነበር። ክዳኑ ትርፍ ሆኖበት ለትንሿ ልጄ ሰጣት። ልጄ በዚያን ጊዜ 2 ዓመቷ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚከት ታውቃላችሁ።

ማታ አስታወከች፤ ደግማም አስታወከች፤ ዐይኗ ፈዘዘ። ባለቤቴ ክዳኑን ከእጇ ባታገኘው ኖሮ የሆድ ሕመም ነው ብለን እናድር ነበር። በሌሊት ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ 2 ሌሊት እዚያው አደረች፤ ዳነችም። በመንገድ ላይ ባለቤቴ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለገበሬው ሁሉ የምትናገረውን ለእኛ ሳትነግረን ኖርህ» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መኪናውን የሠራው ልጅ ደግሞ የገደላት መስሎት ሳምንት ሙሉ ወደ ቤታችን ዝር አላለም። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ሄጄ ነገርሁት። ጠርሙሱን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ። የአረምም ሆነ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጫወቻም፣ ለውኃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አይሆንም። ፕላስቲኩ መርዙን ይጠጣዋልና፤ በውኃ ብታጥቡት ላዩ ይጸዳል እንጂ ውስጡ የገባው አይወጣም፤ በኋላ ከምትጨምሩበት ነገር ጋር ቀስ እያለ ይወጣል። (መቼም «መድኃኒት» ብለን መጥራታችን ራሱ ያሳስታል። መርዝ ብንለው ኖሮ ማን ልጅ ይነካው ነበር?) የነቀዝ ክኒን የሚመጣበት የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮም እንደዚሁ ነው፤ ጨውና በርበሬ ሊያስቀምጥበት የሚመኝ ሰው ብዙ ነውና ተጠንቀቁ።

ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን እዚያው ማሳው ላይ ሳላችሁ ሩቡን ያህል ውኃ ጨምሩበት፤ ክዳኑን ግጠሙና ግማሽ ደቂቃ ያህል በኀይል ናጡት፤ እጣቢውን መልሳችሁ መርጫው ውስጥ ጨምሩትና ማሳው ላይ ርጩት። ይህን 3 ጊዜ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይጠቀምበት ቂጡን በምስማር ብሱት። ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፤ አታቃጥሉትም፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ አኑሩና የት እንደሚሰበሰብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ምናልባት ልጅ መርዝ ቢቀምስ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ «ወተት ያረክሰዋል» እያላችሁም ጊዜ አታባክኑ። የነካውን ልብስ አውልቁ፤ ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ሐኪሙ የሚረዳው መርዙ ምን እንደ ሆነ ሲያውቅ ነውና።

ስለ ጉሎ ፍሬም አንድ ቃል ልጨምር። ምጣድ ለማሰስ በየቤቱ የምናስቀምጠው የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉር ስለ ሆነ ልጆች እንደ ጨሌ ይወዱታል፤ በክር ሰክተውም በአንገታቸው ያስሩታል። ፍሬው ቢታኘክ ብርቱ መርዝ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት።

እንግዲህ የሚያስፈራውን ነግሬያችኋለሁ፤ ወደሚሠራው እንመለስ።

ሕፃን መዳህ ሲጀምር በየደጁ የዶሮ ኩስና አፈር እያነሣ ይበላል፤ የሆድ በሽታ ከዚህም ይመጣል። ለዚህ ከሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ጥሩ ምንጣፍ ይሠራል። ጆንያውን በመጀመሪያ 3 ጊዜ እጠቡት፤ ነገር ግን የዩሪያ ጆንያ የታጠበበትን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው እጅግ ተጠንቀቁ፤ ዩሪያ በሬ ይገድላልና። እጣቢውን ከብት በማይደርስበት የጎመን መደብ ላይ ድፉት፤ ጎመኑ ይወደዋል። ጆንያው በፀሐይ ሲደርቅ ስፌቱን ፈትታችሁ ዘርጉት፤ ሁለቱን ደርባችሁ በጆንያ መርፌ ስፉ፤ ክሩ እየተመዘዘ በሕፃኑ ጣት ወይም አንገት እንዳይጠመጠም ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፉት። ከላይ ያረጀ ጋቢ አልብሱት። ጋቢው እየተፈታ እንዲታጠብ በረጃጅሙ ብቻ ወስውሱት። የነቀዝ ዱቄት ተነስንሶበት የነበረ ጆንያ ግን ለዚህ አይሆንም።

የማሽላ አገዳ መጫወቻም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽፋኑ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ልጣጩን ታላቅ ሰው ይላጠው፤ ልጁ ለስላሳውን ውስጡን ይውሰድ።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው የእጅ መታጠቢያውን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው 5 ሊትር የምትይዝ ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ ሁለት ባላ፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨትና ሲባጎ ብቻ ነው። ለልጆች እንዲመች እያንዳንዱ ባላ 1 ሜትር ተኩል ይሁን፤ 50 ሳንቲ ሜትሩን መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ በሁለቱ መካከል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከጀሪካኑ ክዳን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ ብሱ፤ ይህን ልጅ አያድርገው። አንዱን እንጨት በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፋችሁ በባላዎቹ ላይ አጋድሙት። ከጀሪካኑ አንገት ላይ ሲባጎ አስራችሁ ወደ ታች አውርዱና መሬት ከተጋደመው ሁለተኛው እንጨት ጫፍ ጋር እሰሩት። ውኃውን እስከ ቀዳዳው ድረስ ሙሉት። ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ቀጭን ውኃ ይወርዳል፤ እግሩን ሲያነሣ ይቆማል። ውኃው የሚወርድበትን ቦታ ጠጠር አልብሱት፤ አለዚያ ጭቃ ይሆንባችኋል።

የመጀመሪያውን በደጃችን የተከለው ያው መኪና የሠራው ልጅ ነው። ጀሪካኑን እኔ ሰጠሁት፤ ምስማሩንም እኔ አጋልሁለት፤ የቀረውን ሁሉ ብቻውን አደረገ። አሁን ልጆቹ ያለ ማንም ትእዛዝ ይታጠባሉ፤ እንጨቱን መርገጡ ጨዋታ ሆኖላቸዋል። እኔም መድኃኒት ረጭቼ ስመለስ ሳልታጠብና ልብሴን ሳልቀይር ልጅ አላቅፍም።

አንድ ችግር አለው። ሳሙናውን በስቱ በገመድ ስናንጠለጥለው ቁራ እየመጣ ወሰደብን፤ ሁለት ሳሙና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ልጁ የሌላ ዘይት ጀሪካን ቂጥ ቆርጦ ከሳሙናው በላይ እንደ ባርኔጣ ደፋለት፤ ዝናብም ቁራም አልነካውም። ሳሙና ባይኖራችሁ ንጹሕ የምድጃ አመድ በጣሳ አድርጋችሁ ከአጠገቡ አኑሩ፤ እርሱን ቁራ አይወስደውም።