ትንፋሽ ሲያጥር፦ ከጭንቀት ነው ወይስ ከአካል ሕመም?

 

የዛሬው ርእሳችን በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። አንዲት እናት ድንገት «አየር አጠረኝ፣ ደረቴን ጨመቀኝ፣ ልሞት ነው» ትላለች። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ዓይን ነው» ወይም «ጂን ነክቷት ነው» ይላል። ተምሬአለሁ የሚለው ደግሞ «ምንም የለባትም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ በመሆኑ ግን ሁሉም አንድ ነው።

ጭንቀት በእርግጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰው በጣም ሲፈራ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በዚህ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በታች ይወርዳል። ከንፈርና ጣት የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ልብ ድው ድው ትላለች፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል። ብዙ ጊዜ በድንገት ይነሣና በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይበረታል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይበርዳል። ሰውየው አረፍ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ሊይዘው ይችላል፤ በማግሥቱ ግን ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣል። እየደጋገመ በረጅሙ መተንፈስና ማዛጋት፣ «አየሩ እስከ ታች አልገባልኝም» ማለትም የተለመደ ነው።

የልብ ሕመም መልክ ከዚህ ይለያል። ትንፋሹ የሚያጥረው ሥራ ሲሠራ፣ ውሃ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ነው፤ ከወር ወር እየባሰም ይሄዳል። በጀርባ መተኛት ያቅታል፣ ትራስ መደራረብ ይመጣል፣ ሌሊት ታፍኖ መባነን ይኖራል፣ እግር ያብጣል። በአገራችን በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሽ በሽታ አለ። ይህ ሕመም በብዙ ወጣት ሴቶች ላይ የሚገለጠው በእርግዝና ጊዜ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት «ከአማቷ ጋር ስላልተስማማች ነው፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ማስቀመጥ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል።

አስም ደግሞ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው። ሳሉ ሌሊትና ንጋት ላይ ይበረታል፤ ጭስ፣ አቧራና ብርድ ይቀሰቅሱታል። ጭስ ካነሣን ዘንድ፣ ምድጃው ከመኝታው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር በሆነበት ቤት፣ ቆጮ ስትጋግር የምትውል እናት ሳንባዋ በጭሱ ብቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ምንም ጭንቀት አያስፈልጋትም! የደም ማነስም ያስለከልካል፤ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይነጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ቲቢ መመርመር ግድ ነው።

የሕፃን ነገር ለብቻው ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጊዜ የማይሰጡትንም እንንገራችሁ። ከንፈሩ የጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ፣ ደም የሚያስለው፣ ወይም የደረት ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅበት ሰው ያለበት ቦታ ሆስፒታል ነው። ከወለደች ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሆናት ሴት አንድ እግሯ አብጦ ትንፋሿ ድንገት ቢያጥር ደም ረግቶ ወደ ሳንባዋ ሄዶ ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አይጠበቅም።

አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ ሊኖር መቻሉም አይረሳ። አስም ያለበት ሰው ይጨነቃል፤ ትንፋሽ አጥቶ ማን የማይጨነቅ አለ? የሚጨነቅ ሰውም አስም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል የሚመጣው ደረቱ ተዳምጦ፣ የደም ግፊቱ ተለክቶ፣ ደሙ ታይቶ፣ ሲያስፈልግም ልቡ ተመርምሮ ነው።

ከምርመራው በኋላስ? ውጤቱ ደኅና ሆኖ ሰውየው ግን አሁንም ትንፋሽ የሚያጥረው ቢሆን ውሸታም ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የቡኢን ነገር እናንሣ። ቡኢ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ወረዳ ከ2003 ዓ.ም (2011 እ.ኤ.አ) ጀምሮ ለዓመታት፣ ፕራይም በተባለ ፕሮግራም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ሆነው የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ሠርተዋል። በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳም እንዲሁ ተሠርቷል። ከታዩት ችግሮች አንዱ ድባቴ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጤና ጣቢያ መጥተው ሕመማቸው ሳይታወቅ መመለሳቸው ነበር። ሰው «አዝኛለሁ፣ ፈርቻለሁ» ብሎ አይናገርማ! «ራሴን፣ ደረቴን፣ ልቤን» ይላል። ባለሙያውም የተነገረውን ብቻ አክሞ ይሸኛል። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣታችሁን፣ ሐሳብ ማብዛታችሁን፣ በቤት የደረሰ ሐዘን ካለም እሱን ለሐኪሙ ጨምራችሁ ንገሩ። ጫትና ቡና የምታበዙም አትደብቁ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍም ይነሣሉ።

«ኢማኗ ቢጠነክር ኖሮ ደረቷ አይጠብም ነበር» የሚሉ ወገኖችን እንሰማለን። ይህ ከባድ ቃል ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሒጅር፣ በሰዎች ንግግር የተነሣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደረት እንደሚጠብ እንደሚያውቅ ነግሯቸው አጽናንቷቸዋል። ነቢዩላህ ሙሳም (ዐ.ሰ) ደረታቸው እንደሚጠብ ለጌታቸው ተናግረዋል፤ እንዲያሰፋላቸውም ለምነዋል። የእነርሱን ኢማን ማን ሊጠረጥር ነው?

ቁርኣን መቅራቱ፣ ዚክሩ፣ ሸሪዓ የፈቀደው ሩቅያ መልካም ነው፤ ከሕክምና ግን አያስቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የገጠር ዐረቦች ስለ መታከም ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ ማዘዛቸውን፣ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም መናገራቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በሽተኛ መምታት፣ ማነቅ፣ ጭስ ውስጥ ማፈን ግን ሩቅያ አይደለም፤ አስም ያለበትን ሰው ሊገድለው ይችላል።

ጭንቀት መሆኑ በምርመራ የታወቀለት ሰው ሲነሣበት ተቀምጦ በአፍንጫው በዝግታ ያስገባ፣ ከዚያ ባስረዘመ ያውጣ። አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይዞ አብሮት ይተንፍስ። በፌስታል ውስጥ ማስተንፈስ ግን ይቅር፤ ነገሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ አደጋ ነው። የሚመላለስ ከሆነ በምክርም በመድኃኒትም የሚታከም ሕመም ነው።

የአስም መድኃኒት በአፍ የሚነፋውን «ሱስ ያስይዛል» ብለው የሚጥሉ አሉ፤ ሱስ አያስይዝም። በረመዳን ቀን ስለ መጠቀሙ ዑለማእ ተለያይተዋል፤ ሸይኽ ኢብን ባዝና ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን ጾም አያስፈታም ብለዋል፤ ሌሎች ያስፈታል ብለዋል። በሁለተኛው ሐሳብ የሚሄድም ቢሆን ትንፋሹ ከታፈነ ይጠቀም፣ ቀኑን በኋላ ቀዷ ያውጣ። ቆሞ መስገድ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን እንደፈቀዱት ተቀምጦ ይስገድ፤ እሱንም ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ።