የመጫወቻ ካርታ በኮምፒዩተር ስለ መሥራት

(የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች በሐራ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ክበባችሁ ምን ሠራ ተብለን ብንጠየቅ የምናሳየው አንድ እሽግ የመጫወቻ ካርታ ነው። ይኸን ስንናገር ከወላጆች መካከል ቅር የሚላችሁ እንደምትኖሩ እናውቃለን፤ ካርታ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቁማር ነውና። ከአባሎቻችን አንዱ የመጀመሪያውን ናሙና ይዞ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ እናቱ፣ «ይኸን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ» ብለው መልሰውታል። ስለዚህ ካርታው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ሠራነውና በምን እንደ ተሳሳትን በአጭሩ እንድንገልጽ ይፈቀድልን።

የመጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የመጣበትም መንገድ በእስላም አገሮች በኩል እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መዘክር የሚገኘው የግብጽ ማምሉኮች ካርታ አራት ወገን ነበረው፤ በየወገኑ 13፣ በድምሩ 52 ካርታ መሆኑ ነው። በዚያ ካርታ ላይ የሰው መልክ አልተሣለም፤ ንጉሡና እንደራሴዎቹ የተገለጡት በጽሕፈትና በሐረግ ጌጥ ነው። እኛም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ልጆች በአንድነት የምንሠራ ስለ ሆንን ይኸን አብነት ወደድነው፤ በካርታችንም ላይ የሰው መልክ እንዳይኖር ተስማማን።

ለአራቱ ወገኖች በየቀኑ የምናያቸውን ነገሮች መረጥን፤ እነርሱም ማሽላ፣ ማንጎ፣ ጀበናና ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ናቸው። 13ቱን ደረጃዎች ለማግኘት ግን ብዙ አልደከምንም። ብዙው ዓለም 12 ወር ሲቆጥር እኛ 13 እንቆጥራለንና፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት ወሮች ልክ ገጠሙልን። በቀን ብዛት ከሁሉ የምታንሰው ጳጉሜን በካርታችን ላይ ከሁሉ የምትበልጥ ሆነች። ደግሞም ከ1 እስከ 13 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 91 ይሆናሉ፤ ይህም በአራት ሲባዛ 364 ነው። አንዱን ጆከር ብንጨምርበት 365፣ ሁለተኛውንም ብንጨምር 366 ይሆናል። ካርታውን የፈጠሩት ሰዎች ይኸን አስበውበታል አንልም፤ ነገር ግን ለመማሪያ የተመቸ ሆኖ አገኘነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ሥዕሉን በእጅ የሚሠራ ሰው 52 ጊዜ መድከም አለበት። እኛ ግን ፓይዘን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የአንዱን ካርታ አሠራር ብቻ ጻፍን። ካርታው ወርዱ 63፣ ቁመቱ 88 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽላው የብዙ ትንንሽ ክቦች ክምር ነው፤ ሐዲዱ ሁለት ቀጥታ መሥመሮችና አግዳሚዎቻቸው፣ ጀበናው ደግሞ ክብና አንገት ናቸው። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን፣ «ለአራቱ ወገኖች ለእያንዳንዳቸው፣ በየወገኑም ለ13ቱ ወሮች ይኸንኑ ድገም» አልነው፤ እርሱም ሳይታክተው ደገመው። በአንድ ወረቀት ላይ 9 ካርታ ስለሚገባ 52ቱ ከሁለቱ ጆከሮች ጋራ በ6 ወረቀት አለቁ። ከየኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ አሳትመን፣ በካርቶን ላይ ለጥፈን፣ በመቀስ ቆረጥናቸው።

ስሕተቱ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በካርታው ማዕዘን ላይ የግዕዝ ቁጥር እንዲጻፍ ፈልገን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ለምሳሌ ሀ 4608፣ ፩ ደግሞ 4969 ነው። ፪ 4970፣ ፫ 4971 እያለ በተራ ሲሄድ ስላየን፣ «በየካርታው አንድ እየጨመርህ ሂድ» ብለን አዘዝን። እስከ ፲ ድረስ ሁሉ መልካም ነበር።

በገበያ ቀን የአንድ አባላችን አያት ወደ ትምህርት ቤታችን ብቅ አሉ፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ካርታዎቹን እያገላበጡ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ከዐሥር ቀጥሎ ሃያ የሚቈጠረው በየትኛው ገበያ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ብናየው ሐምሌ ፳፣ ነሐሴ ፴፣ ጳጉሜን ፵ ሆነው ታትመዋል። አፍረን፣ «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ ነው የተሳሳተው» አልናቸው። እርሳቸውም፣ «እርሱንስ ያስተማረው ማነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፲ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፣ ፳ም እንዲሁ። በመዝገቡ ውስጥ ፲ 4978፣ ፳ 4979 ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዐሥራ አንድ የሚጻፈው ግን በሁለት ምልክት፣ ፲፩ ተብሎ ነው። ይኸን ሽማግሌው ያውቁታል፤ እኛ አናውቀውም ነበር፤ ኮምፒዩተሩም ያላወቅነውን ሊያውቅልን አልቻለም። እንዲያውም አንዱን አለማወቃችንን በአራቱም ወገን አዳርሶ 12 ካርታ አበላሸብን። ያለ ድካም የሚደግም መሣሪያ ዕውቀትንም ስሕተትንም እኩል እንደሚያባዛ የተረዳነው በዚያን ቀን ነው።

ማረሚያው ሁለት መሥመር ብቻ ሆነ፦ «ቁጥሩ ከዐሥር ቢበልጥ አስቀድመህ ፲ን ጻፍ፤ ቀጥለህ የቀረውን ጻፍ።» ሆኖም እነዚያን ሁለት መሥመሮች ከመጻፋችን በፊት በሽማግሌው ፊት ተቀምጠን ከ፩ እስከ ፻ መቍጠር ተማርን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ የታረመውን ካርታ ለቤተ መጻሕፍታችን በስጦታ እናበረክታለን። ጨዋታው ወሮቹን በየወገናቸው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ፈጥኖ መደርደር ነው፤ ገንዘብ አይያዝበትም፤ ታናናሾቻችንም እየተጫወቱ የግዕዝን ቁጥር ያጠኑበታል። ካርታውን ከቤታቸው ያስወጡት እናት እስከ ዛሬ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ቁማር ስንቱን ቤት እንደሚያፈርስ ስለሚያውቁ አንፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ንግግራችን ሲያበቃ ካርታው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ እርሳቸውም እናንተም ቀርባችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ እንድትመለከቱት፣ ያመለጠን ስሕተት ቢኖርም እንድታርሙን በአክብሮት እንለምናለን።